ከዕድሜ ጠገብ ሐረግ የሚገኘው ነጭ ወይን ጠጅ እና የኢትዮጵያ የወይን እርሻ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው የአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ ሆለታ ሲደርስ ተጓዡ ከባህር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሆለታ በገብሱ፣ በድንቹ፣ በወተቱና በማሩ የታወቀ ደጋማ አካባቢ ነው። በከተማዋ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋ ሰብሎች የተሻሻሉ ዝርያዎችን በማውጣት፣ የንብ ምርምር ማዕከሉም በማር ልማት ለረጅም ዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። በዚያው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ተጉዞ አምቦን ያለፈ ሰው ግን ጉደር ይደርሳል። የጉደር ስም በአገሪቱ ከዳር እስከ ዳር የታወቀው በቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ በመታተሙ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። ይሁንና የገብስን አገር ከወይን አገር ለመለየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ኢትዮጵያ ወይን የሚስማማው መሬትና አየር እንዳላት ከጉደር ሌላ በአዋሽ ተፋሰስና በስምጥ ሸለቆ የተተከሉ እርሻዎች አስመስክረዋል። አገሪቱ እስካሁን ያላገኘችው ነገር ዕድሜ ነው። በዓለም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት ነጭ ወይን ጠጆች መካከል ብዙዎቹ የሚጠመቁት ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም መቶ ዓመት በአንድ ቦታ ከቆሙ የወይን ሐረጎች በተለቀመ ፍሬ ነው። እንዲህ ያለውን ሐረግ በገንዘብ ኃይል በአንድ ጀምበር ማግኘት አይቻልም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት በቃላቱ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይሆናል። አማርኛ ከወይን የሚጠመቀውን መጠጥ የሰየመው በማር መጠጡ በጠጅ ስም ነው። «ወይን ጠጅ» ማለት የወይን ጠጅ ማለት ሲሆን፣ ይኸው ስም በጊዜ ብዛት የቀለም ስም ጭምር ሆኗል። በዚህም ሳቢያ «ነጭ ወይን ጠጅ» የሚለው አነጋገር ለብዙ ጆሮ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። በእርግጥም መጠጡ ነጭ አይደለም፤ ከገለባ እስከ ወርቅ የሚደርስ ቢጫ ቀለም ያለው በመሆኑ በመልክ ከቀይ ወይን ይልቅ ለማር ጠጅ ይቀርባል። «ያረጀ ወይን» ሲባልም ብዙ ሰው የሚያስበው በጠርሙስ ወይም በበርሜል ውስጥ የከረመውን መጠጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የመጠጡ እርጅና ሳይሆን የተክሉ እርጅና ነው። ከመቶ ዓመት ሐረግ በተለቀመ ፍሬ የተጠመቀ ወይን በዓመቱ ሊጠጣ ይችላልና።

አንድ የወይን ሐረግ «ያረጀ» የሚባለው በስንት ዓመቱ ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አንድ ወጥ መልስ አልነበረውም። ጠማቂዎች በጠርሙሶቻቸው ላይ «ከአሮጌ ሐረግ የተገኘ» ብለው ሲጽፉ የሚጠይቃቸው ሕግ ባለመኖሩ፣ አንዱ የሃያ ዓመቱን ሌላው የሰማንያ ዓመቱን በአንድ ቃል ይጠሩት ነበር። መቀመጫውን በፈረንሳይ ዲዦን ከተማ ያደረገው ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳለፈው ውሳኔ መነሻውን 35 ዓመት አድርጎታል። በውሳኔው መሠረት ዕድሜው በሰነድ መረጋገጥ የሚኖርበት ሲሆን፣ አንድ እርሻ በጠቅላላው ያረጀ ነው ለመባል ከሐረጎቹ 85 በመቶ የሚሆኑት ይህን ዕድሜ ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። በአውስትራሊያ የሚገኘው የባሮሳ ሸለቆ ከዚህ ቀደም ብሎ ለራሱ ሐረጎች የ35፣ የ70፣ የ100 እና የ125 ዓመት እርከኖችን አውጥቶ ነበር። ወይን እስከ ምን ድረስ ሊኖር እንደሚችል ለማየት ለሚሻ በስሎቬንያ ማሪቦር ከተማ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተንሰራፋው ሐረግ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያስቆጠረና ዛሬም የሚያፈራ መሆኑን መጥቀስ ይበቃል።

ዕድሜ ለወይን ፍሬ ምን ይጨምርለታል? መልሱ የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ወጣት ሐረግ ሥሩ የተዘረጋው በአፈሩ የላይኛው ክፍል ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወዲያውኑ ይጠጣል፤ ፍሬው ይነፋል፤ ጣዕሙም ይቀጥናል። ዝናቡ ሲቆም ደግሞ ፈጥኖ ይጠማል። አፈሩ ከፈቀደለት ዓመታት የቆየው ሐረግ ሥሩን ወደ ጥልቀት ስለሚሰድ የዚህ ዓመት ዶፍም ሆነ የዚህ ዓመት ድርቅ ያን ያህል አያናውጠውም። ሁለተኛው ምክንያት ግንዱ ነው። ወፍራሙ ግንድ በቅጠሉ አማካይነት ከፀሐይ የተሠራውን ምግብ የሚያከማች ጎተራ በመሆኑ፣ ወቅቱ ሲከፋ ሐረጉ ከዚያ እያወጣ ፍሬውን ያበስላል። ሦስተኛው የምርቱ ማነስ ነው። ያረጀ ሐረግ ጥቂት ዘለላ፣ በዘለላውም ላይ ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ፍሬ ይይዛል። ተክሉ ያለውን ኃይል ለጥቂቶች ስለሚያከፋፍል የእያንዳንዱ ፍሬ ጣዕም ይጠነክራል።

በዚህ ላይ የባለሙያዎች ስምምነት ሙሉ አለመሆኑንም መሸሸግ አይገባም። የዕድሜ ጠገብ ሐረጎች ወይን የተሻለ የሚሆነው በእርጅናቸው ሳይሆን መጀመሪያውኑ ጥሩ መሬት ላይ በመተከላቸው ነው፤ መጥፎዎቹማ ቀድመው ተነቅለዋል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ከዚህም ሌላ የቆየ ሁሉ መልካም አይደለም። ቅጠልን በሚጠቀልል ቫይረስ የተመታ ሐረግ ዕድሜው ቢገፋም ፍሬው በወጉ አይበስልም፤ እንዲህ ያለውን ለስሙ ብሎ ማቆየትም ትርፍ የለውም።

ዕድሜው በነጭ ወይን ጠጅ ላይ በተለየ ሁኔታ የሚፈተነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ሲጠመቅ ጭማቂው ከነልጣጩ ስለሚብላላ ቀለሙን፣ የሚያጥብቀውን ባሕርይና የጣዕሙን ትልቅ ድርሻ ከልጣጩ ያገኛል። በነጩ ግን ዘለላው ማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ ይለቀማል፤ በዝግታ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ ብቻውን ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ እንዲብላላ ይደረጋል። የቀዩ መብላላት ከዚህ እጅግ በሞቀ ሁኔታ ይካሄዳል። ነጩ ከልጣጩ እምብዛም የማይዋስ በመሆኑ በጭማቂው ውስጥ የሌለ ነገር በኋላ ሊገኝ አይችልም። ጠጅ ጣይ ጌሾ ጨምሮ ያስተካክላል፤ ነጭ ወይን ጠማቂ ይህ ዕድል የለውም። ከተብላላ በኋላ በተዘቀዘቀው እርሾ ላይ ለወራት እንዲቆይ ማድረግ፣ ወይም በእንጨት በርሜል ማሳደር ጣዕሙን ሊያሰፋው ይችላል፤ ቀጭኑን ግን ወፍራም አያደርገውም።

የነጭ ወይን ጠጅ ነፍስ ኮምጣጣነቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስኳር ብቻ ያለው ኮምጣጣነት የጎደለው ነጭ ወይን ምላስ ላይ ይተኛል። በፍሬው ውስጥ ካሉት አሲዶች አንዱ፣ በፖም ውስጥም በብዛት የሚገኘው፣ በሙቀት ይቃጠላል። ስለሆነም ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ ስፍራ ለነጭ ወይን ተመራጭ ነው። ይህን ያነበበ ሰው የኢትዮጵያን ደጋ ለማሰብ አይዘገይም፤ ሆለታን የመሰለ ቀዝቃዛ ሌሊት ያለው ስፍራ ለነጭ ወይን የተፈጠረ ሊመስለውም ይችላል። ሆኖም የሆለታ ዓመታዊ ዝናብ ከ1 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። እርጥበቱ በወይን ቅጠልና ዘለላ ላይ ሻጋታ የሚያመጡ ፈንገሶችን ይጋብዛል። ክረምቱ ሲያበቃ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይመጣል፤ ለምለሙን ቡቃያም ያቃጥለዋል። ወይን በአገሪቱ ወደ 2 ሺህ ሜትር ከሚጠጋው ጉደር አንስቶ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ እስከሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ባለው እርከን የሰፈረበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ኢትዮጵያና ወይን የተዋወቁት ግን ከእነዚህ እርሻዎች እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ ይገኝበት እንደነበር ይዘረዝራል። ክርስትና ከገባ በኋላ ወይን የቅዳሴ አስፈላጊ አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገሪቱ መጥቶ ስድስት ዓመታት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቅዳሴው ወይን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፎ፣ ካበጠ በኋላ በመጭመቅ መሆኑን ጽፎ አልፏል። ሥርዓቱ ዛሬም አልተለወጠም፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ቁርባኑ ወይን በቤተልሔም ከዘቢብ ይዘጋጃል።

ይህ ሥርዓት ለወይን ተክል ታሪክ አንድ የሚያስገርም ውጤት ሳይኖረው አልቀረም። ዘቢብ ከሩቅ አገር ተጭኖ ሊመጣ፣ ለዓመታትም ሊቀመጥ የሚችል ደረቅ ፍሬ ነው። በአውሮፓ ገዳማት ወይን ያለ እርሻ ሊታሰብ ባለመቻሉ መነኮሳቱ የተከሉትን ሐረግ ለትውልድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። እዚህ ግን ቅዳሴው የግድ የአጥቢያውን የወይን እርሻ አልጠየቀም። ሕዝቡም ለበዓሉና ለግብዣው ማሩና ጌሾው በእጁ ነበር። ሐረጉን ለአንድ መቶ ዓመት ጠብቆ የሚያቆይ አስገዳጅ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው።

ወይን በፋብሪካ ደረጃ መጠመቅ የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የሚቆጠረው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱማይትን የመሳሰሉ ቀይ ወይን ጠጆችን፣ ከነጮቹም ክሪስታልን ለአገር ውስጥ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ይዞታ ተዛውሯል። በእነዚህ አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ጠጪ ይበልጥ የለመደው ቀዩን፣ በተለይም ጣፋጩን ነው። ጣፋጭነቱ ከጠጅ የተወረሰ ምርጫ ሳይሆን አይቀርም። ደረቁ ነጭ ወይን በድግሱ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ለነጭ ወይን አዲስ ምዕራፍ የከፈተው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ፣ በአሁኑ መጠሪያዋ ባቱ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያለማው እርሻ ነው። ወደ 120 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ከፈረንሳይ የመጡ 750 ሺህ ያህል የወይን ሐረጎች ተተከሉ። ከቀይ ዝርያዎቹ ከሜርሎ፣ ከሲራና ከካቤርኔ ሶቪኞን ጎን ለጎን ሻርዶኔ የተባለው የቡርጎኝ አገር ነጭ ዝርያ ቦታ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሺያ» በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረቡ። እርሻውን ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡበት በዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ መቆፈሩ በወቅቱ በውጭ መገናኛ ብዙኃን በስፋት ተዘግቧል። የቡርጎኝ ወይን ተካዮች የማያውቁት ጭንቀት እንደሆነ ልብ ይሏል።

ከጉማሬው የበለጠው ፈተና ግን ክረምት የሚባለው የአውሮፓ ወቅት አለመኖሩ ነው። በፈረንሳይ ወይን በኅዳር ቅጠሉን አርግፎ እስከ መጋቢት ይተኛል። ብርዱ ያስተኛዋል፤ ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል። በምድር ወገብ አካባቢ ሐረጉ የሚተኛበት ብርድ ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሊያወጣ ይፈልጋል። ስለዚህ አልሚው የወቅቱን ሥራ በእጁ ይሠራል፤ መስኖውን ይቀንሳል፣ ቅርንጫፉን ይገርዛል፣ ከግርዛቱ በኋላ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣ ያደርጋል። ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስል የግርዛቱን ጊዜ ማስላት የጠቅላላው ሥራ ቁልፍ ነው። በዚሁ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀምም ይቻላል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ የሚደረገው ይህ ነው።

የዕድሜው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጨብጣል። በዓመት ሁለቴ የሚያፈራ ሐረግ በግንዱ ያከማቸውን ምግብ ሁለቴ ያወጣል፤ ዕረፍት ያጣ ተክልም ቶሎ ይደክማል። አልሚው ሁለት ለቀማ ሲወስድ ገቢው ዛሬ ያድጋል፤ ሐረጉ ግን 35 ዓመት የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል። አንዱን ለቀማ ትቶ ሐረጉን ቢያሳርፍ ደግሞ የሚጠቀመው ምናልባት ልጁ ነው። በባንክ ብድር ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

ሌላው ዓለምም ይህን ፈተና በቀላሉ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለችው ሥር በል ደቃቅ ነፍሳት የፈረንሳይን፣ ቀጥሎም የአብዛኛውን አውሮፓ የወይን እርሻ ስላወደመች፣ መፍትሔው የአውሮፓውን ሐረግ ነፍሳቷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቆ ማሳደግ ሆነ። አሮጌዎቹ ሐረጎች ሄዱ። ከተረፉት ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነፍሳቷ በእሳተ ገሞራ አሸዋው ልትኖር ያልቻለችበት የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ነው። በዚያ አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይን ሐረግ ከነፋስ እንዲጠበቅ እንደ ቅርጫት ተጠማዝዞ መሬት ለመሬት ያድጋል። ግንዱ ሲደክም ይቆረጥና ከዚያው ሥር አዲስ ግንድ ይወጣል፤ የሥሩም ዕድሜ ከግንዱ ዕድሜ እጅግ ይልቃል።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። ሸናን ብላን የተባለው ነጭ ወይን በኬፕ አካባቢ በብዛት ተተክሎ ለብዙ ዘመን ርካሽ መጠጥና ብራንዲ ማምረቻ ሆኖ ኖሯል። ገበሬው የሚከፈለው በሚዛን በመሆኑ ምርቱ የቀነሰ አሮጌ ሐረግ ለእሱ ዕዳ ነበር። ብዙው ተነቀለ፤ የተነቀለበትም መሬት በሌላ ዝርያ ወይም በሌላ ሰብል ተያዘ። ሮዛ ክሩገር የተባሉት የወይን እርሻ ባለሙያ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የተረፉትን መመዝገብ የያዙት ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ ሥራ የተወለደው የዕድሜ ጠገብ ሐረጎች ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው እርሻዎች ወይን የተተከለበትን ዓመት የያዘ ማኅተም በጠርሙሱ አንገት ላይ እንዲለጠፍ አደረገ። ማኅተሙ መጠጡን አላሻሻለውም። ነገር ግን ጠጪው የተለየ ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት ስለሰጠው ጠማቂው ለገበሬው በኪሎ የተሻለ ዋጋ የሚከፍልበት መንገድ ተከፈተ። የቆየውን ሐረግ መንቀል አትራፊ መሆኑም ቀነሰ።

ከዚህ ተሞክሮ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ምናልባት ምዝገባው ነው። የተተከለበት ቀን በሰነድ ያልተያዘ ሐረግ መቶ ዓመት ቢሞላውም ዕድሜው አይቆጠርለትም። በጉደርና በአዋሽ ተፋሰስ የቆዩ ተክሎች፣ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በወይን ዝርያዎች ላይ የተካሄዱት ጥናቶች፣ በየከተማው ግቢ ውስጥ ለጥላ ተብለው በብረት ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀሉት ሐረጎች ሳይቀሩ የትኛው ዝርያ በየትኛው ከፍታ ስንት ዓመት እንደቆመ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። ከእነዚህ የግቢ ሐረጎች ብዙዎቹ በአዳዲስ ግንባታ ምክንያት ይቆረጣሉ፤ ሲቆረጡም የሚጽፍላቸው የለም። ከጠንካራ ሐረግ የተወሰደ አንድ ክንድ የማይሞላ ቅርንጫፍ ሥር ይዞ ሊበቅል እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ነው።

በስምጥ ሸለቆው እርሻ የመጀመሪያዎቹ የሻርዶኔ ሐረጎች ዛሬ በሃያ ዓመት አፋፍ ላይ ይገኛሉ። በወይን አገሮች ልማድ ይህ ሐረግ ከወጣትነት ወጥቶ ምርቱ የሚረጋጋበት፣ አልሚውም ነቅሎ በአዲስ ይተካ ወይም ያቆየው እንደሆነ ማሰብ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ከቆዩ 35 ዓመት የሚሞላቸው በ2035 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል።